ከመሪው ላይ ያልተነሳች ጣት

አይታረስም! ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በእነዚህ ሁለት ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ፤ አይታረስም! ካፖርቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። መሬቱ የእኔ አይደለም፤ ደስታውም በደንቡ የእኔ አይደለም። ግን ከማክሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ ስላጣሁለት ድርሻዬን ወስጃለሁ።

ደስታው የኦርሊን ሃውገን ነው፤ የእሱና የአሥራ ዘጠኝ ወንድ ቆቆች።

ኦርሊን ሠላሳ አንድ ዓመት በባቡር ሐዲዱ ዳር ባለው ጎተራ የሰው ስንዴ ሲመዝን ኖሮ ጡረታ ወጣ። ቤቱ መንገዱ የሚያልቅበት ነው። ከእሱ ወዲያ ሣር ነው፤ ከሣሩ ወዲያ ሰማይ። ማክሰኞና ዓርብ ፖስታ ስለማደርስለት አውቀዋለሁ። የሚመጣለት የመብራት ሂሳብና በየዓመቱ ጥር ላይ የዘር መደብር የሚልከው ባለ ሥዕል መጽሔት ነው። መጽሔቱ ላይ ያለው ስም የእሱ አይደለም፤ የሚስቱ የሶልቬግ ነው። ሶልቬግ ከሞተች አምስት ዓመት ሆናት። «ልሰርዝልህ?» ብዬው ነበር አንዴ። «ተይው፤ ይምጣላት» አለኝ።

ሥራው ፎቶ ማንሳት ነው። ለማንም አይሸጥም። አገሩን ነው የሚያነሳው፤ ሰው የለበትም። ሱቅ ውስጥ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ይህን ይዘው አይለቁትም።

«ኦርሊን፣ ዛሬ ደግሞ ምን አነሳህ?»

«ምንም።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትም ምንም። የዛሬው ምንም ግን ይሻላል።»

እኔም እስቅ ነበር፤ አንድ ቀን መኪናዬ ተበላሽታ በእሱ ፒክአፕ እስከሚመልሰኝ ድረስ። አንድ ማይል ነዳና ቆመ፤ ሞተሩን አጠፋ። «ምን ሆነ?» አልኩት። «ጆሮሽ እስኪረጋ ጠብቂ» አለኝ። ጆሮዬ ሲረጋ ነፋሱን ሰማሁ፤ ከነፋሱ ሥር ደግሞ ኩሬው ዳር ያለው ስስ በረዶ ሲሰነጠቅ። «አሁን ዞር በይ» አለኝ። ዞርኩ። አልፈነው የመጣነው ያ ዘንባላ የእህል ጎጆ፣ ፀሐይ ከጎኑ ስትመታው፣ ሌላ ጎጆ ሆኖ ጠበቀን። ኦርሊን እንደሚለው እዚህ አገር ጥሩ ፎቶ ሁልጊዜ ከኋላህ ነው፤ ካልቆምክ አይታይህም፤ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ብትቆምም አይታይህም።

ከሁሉ የሚበልጥበት ግን ከቤቱ አጠገብ ያለው ማረሻ ነክቶት የማያውቅ ሣር ነው። በየሚያዝያው ጎህ ሲቀድ ወንዶቹ ቆቆች እዚያችው ጉብታ ላይ ይሰበሰባሉ። ክንፋቸውን ዘርግተው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ እስክስታ ይወርዳሉ ብል ይቀለኛል። አባቶቻቸውም እዚያው ነበሩ። ጉብታው ከታረሰ ሌላ ቦታ አይሄዱም፤ ይጠፋሉ።

የዚያ ሣር ባለቤት ኔታ ሬምፔል ናት። ኔታ ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የኦርሊን ቅርብ ጎረቤት ናት፤ ቅርብ ማለት እዚህ በመኪና መንገድ አራት ማይል ነው፤ በሣሩ በኩል ግን ከማድቤቷ እስከ ጉብታው ግማሽ ማይል አይሞላም። ማክሰኞ ፖስታዋን ስሰጣት በሩ ላይ ቆማ ነገረችኝ።

«ዓርብ ከሰዓት መሬቱን የተከራየኝ ስታን ትራክተሩን ያስገባል። ምስር ይዘራበታል።»

«የቆቆቹን ሣር? ኔታ! ኦርሊን ይሞታል እኮ!»

«ይሙታ! ከብቱን ሸጫለሁ፤ ሣሩ ምን ያደርግልኛል? ደግሞ ለእሱ ብዬ ነው የማቆየው? አምስት ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ሲያልፈኝ ጣቱን አንስቶልኝ ያውቃል? ባሌን ቀብሬ ስመለስ እንኳን አላነሳም!»

እዚህ ጭው ባለ መንገድ ላይ ሁለት መኪና ሲተላለፍ ሌባ ጣትን ከመሪው ላይ ብድግ ማድረግ ግዴታ ነው። ጠላትህም ቢሆን። ይህን የነፈገ ሰው «ለእኔ ሞተሃል» ብሏል ማለት ነው።

ቆሜ አሰብኩ። ከዚያ እንደ መብረቅ መጣልኝ።

«ኔታ፣ ድሮስ ማን ነበር የሚነዳው?»

«ማን የቱን?»

«የእነ ኦርሊንን መኪና። ሶልቬግ አልነበረችም? እሱ ካሜራውን አቅፎ በጎን መስኮት ያያል፤ እሷ ትነዳለች፤ እሷ ጣቷን ታነሳለች። አሁን ብቻውን ይነዳል፤ ዓይኑ ግን ዛሬም በጎን መስኮት ነው። እሱ አንቺን አላየሽም እኮ!»

ኔታ ፖስታዋን ገለበጠችው። «እሱ ራሱ መጥቶ ይጠይቀኝ» አለችና በሩን ዘጋችው።

ወደ ኦርሊን በረርኩ። ነገሩን ስነግረው ወንበር ያዘ።

«እኔ ምን አደረግኳት?»

«ምንም! ችግሩ እኮ እሱ ነው!»

ቀኝ እጁን አገላብጦ አየው፤ የሰው ዕቃ ተበድሮ መመለስ የረሳ ይመስል። ከዚያ «ሶልቬግ ነበረች እንዲህ ያለውን የምትችለው» አለ። ረቡዕ ዕለት ኔታ በር ላይ መኪናው ውስጥ አንድ ሰዓት ተቀምጦ ሳይወርድ ተመለሰ። እሷ በመጋረጃው አይታዋለች፤ ደውላ ነገረችኝ። ሐሙስ ግን ወረደ። አንኳኳ። የተናገረው ይህን ብቻ ነው፦ «ነገ ጎህ ሳይቀድ ነይ። ወፍራም ልበሺ።»

ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። ኦርሊን ወፎቹን ሳይረብሽ የሚያይበት መደበቂያ ጉብታው ዳር ያለ በሸራ የተሸፈነ ሳጥን ነው፤ ለሁለት ሰው የተሠራ። ውስጡ አንድ የተዘረጋ ወንበርና አንድ የታጠፈ ነበር። የታጠፈው ላይ የአምስት ዓመት አቧራ አለበት። ኦርሊን በእጅጌው ጠረገው፤ ዘረጋው፤ ለኔታ ሰጣት። እኔ ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩ።

የመደበቂያው ሕግ አንድ ነው፤ የመጨረሻው ወፍ በፈቃዱ እስኪሄድ ማንም አይወጣም፣ ማንም አይናገርም። አምስት ዓመት የተኳረፉ ሁለት ሰዎች ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ሁለት ሰዓት ዝም! እኔ አፌን በጓንቴ ይዤ ነበር።

ቆቆቹ መጡ። እግራቸው መሬቱን ሲደልቅ የልብስ ስፌት መኪና ይመስላል። ኔታ አፏን ከፈተች። ኦርሊን ካሜራውን ጉልበቱ ላይ እንዳስቀመጠ ቀረ። ወፎቹን አላየም፤ ያቺ ወንበር ላይ ሰው መቀመጡን ነው የሚያየው። ፊቱን አይቼ አንገቴን ደፋሁ።

የመጨረሻው ሲበር ኔታ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አርባ ዓመት ከማድቤት ሆኜ ይህን ድምፅ ሰምቻለሁ። ያንተ የውኃ ፓምፕ ይመስለኝ ነበር። ስንቴ ረግሜሃለሁ መሰለህ!»

«ፓምፕ የለኝም» አለ ኦርሊን።

«አሁንማ ገባኝ!» ተነሳች፤ እግሯ ደንዝዞ ሸራውን ያዘች። «አይታረስም። ስታን ምስሩን ሌላ ቦታ ይፈልግለት።»

ኦርሊን ወንበሩን አጠፈው፤ መልሶ ዘረጋው።

«ጣት የምታነሳው እሷ ነበረች?» አለችው ኔታ ቀስ ብላ።

«እሷ ነበረች። እኔ ወደ ጎን ነው የማየው።»

«ከእንግዲህ ፊት ለፊት እይ። ገደል ትገባለህ።»

«እዚህ አገር ገደል የለም።»

«ቦይ አለ!»

እኔ ኔታን ይዤ ስመለስ እሱ በሣሩ ዳር ባለው የትራክተር መሄጃ ዞሮ ከፊት ለፊታችን መጣ። ሆነ ብሎ ነው! ሲደርስብን አንድ ጣት ሳይሆን እጁን በሙሉ አነሳ፤ ፒክአፑ ወደ ቦዩ ዘንበል ብሎ ለጥቂት ተረፈ። «አንድ ይበቃ ነበር» አለች ኔታ፤ የእሷ ጣት ግን ከጉልበቷ ላይ ብድግ ብሏል፤ መሪ እንኳን ሳትይዝ።

የፒክአፑን አቧራ በመስታወት አየሁት፤ ረጅም ነበር፤ ሰው ወደሌለበት ቤት ነው የሚሄደው። ዛሬም ምሳውን ብቻውን ቆሞ ይበላል፤ ይህን አውቃለሁ። ቆቆቹ ግን ነገ ይመጣሉ። ኔታም ነገ በስንት ሰዓት ላምጣሽ ብዬ ሳልጠይቃት «በራሴ መኪና ነው የምሄደው» ብላኛለች።

ይቅርታ፣ ሰዓቱን አሁን አየሁት! ስታን ዛሬ ከሰዓት ትራክተሩን ሊያስገባ ነው፤ ኔታ ብትደውል ብትደውል ስልኩን አያነሳም፤ ትራክተሩ ላይ ከወጣ አይሰማም። ቁልፌ የት አለ? በሣሩ ምሥራቅ በኩል ባለው የአጥር በር ሳይገባ ልድረስበት!