ስንዱን ላመጣ ቤሩት ሄጄ

ከደብረ ብርሃን ስነሳ አንድ ነገር ቆርጬ ነበር፤ ልጄን ስንዱን ከቤሩት ይዤ ልመለስ። ስምንት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ፣ አሁን ደግሞ ከጓደኞቿ ጋር እስፔን ሄደን አረጋውያን እንጦራለን ትላለች። «አረጋዊ ከፈለገች እኔ አለሁላት!» ብዬ ለባለቤቴ ፎክሬ ወጣሁ። ቦሌ ላይ ለፍተሻ ቀበቶዬን ሲያስፈቱኝ ሱሪዬ ወረደ፤ ፉከራዬም አብሮ ጉልበቴ ላይ ቀረ።

ቅዳሜ፣ ቤሩት፣ ፉርን ኤል ሸባክ ሰፈር

ስንዱ ከአውሮፕላን ጣቢያ ተቀብላኝ ሰርቪስ በሚሉት የጋራ ታክሲ ገባን። ሾፌሩ በአንድ እጁ ሲጋራ፣ በሌላው ስልክ ይዟል፤ መሪውን ማን እንደያዘው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ስንዱ ከጓደኞቿ ጋር ለዕረፍት ቀናቸው በተከራዩት ክፍል አሳረፈችኝ። በአንድ ዶላር የገዛችልኝን ዘዕታር የሚሉት ቅመም የተቀባ ትኩስ ቂጣ እየበላሁ፣ «ነገ እነግራታለሁ» አልኩ ለራሴ።

እሑድ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት

አማርኛም የምትችለው የእስፓንኛ መምህርታቸው መጣች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእስፔን ቀጣሪዎቹ ይፈትኗቸዋል፤ ስንዱ፣ የደሴዋ ዘይነባና ሙሉ በእስፓንኛ ስለ ወደፊት ዕቅድ ተመካክረው አንድ ውሳኔ ላይ መድረስ አለባቸው። ከወደቁ ሦስቱም ይቀራሉ።

«ባሞስ አ ላ ፕላያ» አለች ዘይነባ፤ ወደ ባሕር ዳርቻ እንሂድ ማለቷ ነው።

«ሲ» አለች ስንዱ፤ እሺ ማለቷ ነው። «ሲ» አለች ሙሉም። ምክክሩ አለቀ።

መምህርቷ ራሷን ያዘች። «ያላ፣ ተከራከሩ እንጂ! ሌላ ሐሳብ የላችሁም?»

«ሚስ፣ ማዳም ስታዘን ሃድር፣ እሺ ነው የምንለው» አለች ዘይነባ። «ሌላ ሐሳብ ያላት ሠራተኛ፣ ያኒ፣ ማለቴ፣ ሻንጣዋ በር ላይ ነው።»

ዝም ማለት አልሆነልኝም። «እምቢታን ለእኔ ተዉት! አርባ ዓመት በትዳር የሠራሁበት ሙያ ነው።»

መምህርቷ «ኖ፣ ሜሆር» አስጠናችኝ፤ አይ፣ ይልቅስ እንደማለት ነው። ባሕር ሲሉኝ «ኖ!»፣ ሲኒማ ሲሉኝ «ኖ!»

«አባባ፣ ታዲያ ምን ይሻልዎታል?» አለች ዘይነባ ተናዳ።

«ኸላስ፣ በቃ፣ ምግብ ቤት!»

ቀስ በቀስ እርስ በርስ መሟገት ጀመሩ። ሙሉማ ጠረጴዛ መታች። ይሄኔ ተንኮሌ መጣ፤ መምህርቷን በጆሮዋ ጠይቄ ያጠናሁትን ለስንዱ ወረወርኩላት፤ «ባሞስ አ ካሳ።» ወደ ቤት እንሂድ።

ስንዱ መሬት መሬት አየች። እሺ ልትል ነው ብዬ ደስ አለኝ። እሷ ግን ቀና አለች።

«ኖ፣ አባዬ። ሜሆር ባሞስ አ ባሌንሲያ።» ሊሠሩባት ያሰቧት የእስፔን ከተማ ናት። ቀጥላ በአማርኛ፣ «ስምንት ዓመት ሰው ላሰበው እሺ አልኩ። ይሄን ግን እኔ ነኝ ያሰብኩት» አለች።

«አረጋዊ እያለሽ ሌላ አረጋዊ ፍለጋ?»

«እነሱ የሥራ ሰዓት አላቸው፤ አንተ የለህም።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ትንሽ ዘግይቼ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከፈተናው ክፍል ውጪ ተቀምጬ ሳዳምጥ ሦስቱም ይጨቃጨቃሉ፤ የስንዱ «ኖ» ከሁሉም ይጎላል። አለፉ።

ደብረ ብርሃን

ባለቤቴ በር ከፍታ ከኋላዬ ተመለከተች።

«ልጄስ?»

«እስፔን ልትሄድ ነው።»

«አንተስ ምን ስትሠራ ነበር?»

«ሳለማምዳት።»

ተቀመጥኩና የተማርኩትን ነገርኳት፤ ስምንት ዓመት ሙሉ መቼ ትመጫለሽ እንጂ ምን አሰብሽ ብዬ ልጄን ጠይቄያት አላውቅም። ባለቤቴ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እምቢ ስትልህ እንዴት ነበረች?» አለችኝ።

«ዐይን ዐይኔን እያየች» አልኳት።