ሠላሳ እንቁላልና የሶፋ ላስቲክ

«ነይ ቶሎ፤ አንዱ በስቶታል።»

እናቴ ይህን ያለችኝ ዛሬ ጠዋት ነው። ፊቴን እየታጠብኩ ነበር፤ ሳሙናውን ሳላለቀልቅ ሮጥኩ። በመፈልፈያ ማሽኑ ትንሽ መስኮት በኩል አየሁት። እንቁላሉ ላይ ከጥፍሬ የማትበልጥ ቀዳዳ፣ በቀዳዳዋ ውስጥ ደግሞ የምትንቀሳቀስ የምንቁር ጫፍ። ይህን እስክጽፍ ድረስ ሃያ ሁለት ጫጩቶች ወጥተዋል። እናቴ በርጩማ ስባ ተቀምጣ ታያቸዋለች። እናቴ ሥራ ትታ፣ ተቀምጣ የምታየው ነገር ኖሮ አያውቅም።

ደስታችን ለምን እንዲህ እንደበዛ እንዲገባችሁ ከትናንት በስቲያ ልጀምር።

እናቴ ጫጩት አስፈልፍላ መሸጥ ነው ሐሳቧ። የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ እንቁላሎች መብራት ሄዶ ቀዘቀዙባት፤ ጓሮ ቆፍራ ቀበረቻቸው። ሁለተኛውን ሠላሳ ስታስገባ «ይኼም ከከሸፈ ማሽኑን ሸጬ ወደ ሰው ቤት ልብስ አጠባዬ እመለሳለሁ» አለች። እንቁላል ማሽን ውስጥ ሃያ አንድ ቀን ይቆያል። በአሥራ ስምንተኛው ቀን አመሻሽ ላይ የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጠለ። ሱሉልታ ደግሞ በዚህ ወር ውርጭ ነው፤ ጠዋት ስንወጣ ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚጠብቀን።

ደግነቱ ገላን ፋብሪካ የሚሠራው ወንድሜ ፓወር ስቴሽን ልኮልን ነበር። ጀሪካን የሚያክል፣ እጀታ ያለው ትልቅ ባትሪ ነው፤ ከሚዘረጋ ሶላር ጋር ነው የመጣው። ማሽኑን ያሳደረው እሱ ነው። በማግስቱ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ሳየው ግን ሃያ ስምንት ፐርሰንት ቀርቶታል። ሶላሩ ከጠዋት ጀምሮ ግቢው ውስጥ ተዘርግቷል፣ ሰማዩ ላይ አንድ ደመና የለም፤ ስክሪኑ ግን ከሶላሩ የሚገባው አሥራ ሰባት ዋት ነው ይላል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው መቶ ነው። በዚህ አያያዝ ባትሪው ሌሊቱን አይዘልቅም፤ ባትሪው ካልዘለቀ እንቁላሎቹም አይነጋላቸውም።

ለወንድሜ ደወልኩ። «ገመዱን ነቅለሽ ሰኪው፣ አቧራውን ጥረጊ፣ ጥላ እንዳለበት እዪ» አለኝ፤ የቀረውን የፋብሪካው ጩኸት ዋጠው።

ደብተሬን አውጥቼ ቁጥር በቁጥር መጻፍ ጀመርኩ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁት፤ አሥራ ሰባት። በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩት፤ አሥራ ዘጠኝ። ጥላ ለመፈለግ ጎንበስ ስል ጭራሽ ወደ ስምንት ወረደ።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ» ብለው እንደ ልጃቸው ሰላም አሉኝ ጎረቤታችን፣ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው። ዕድሜ ልካቸውን እዚሁ ሲያርሱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ደኅና ነኝ፣ ኦቦ። እርስዎስ እንዴት አደሩ?»

«ፀሐይዋን ነው የምትፈልጊያት? ጀርባሽ ላይ ናት እኮ።»

ጥላዬን አየሁት። ሶላሩ ላይ ተጋድሟል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስል ቁጥሩ አሥራ ዘጠኝ ላይ ተመለሰ።

ሽማግሌው በበር ዞረው ገቡና ገመዱንም ባትሪውንም ተመለከቱ። «የእኛ ዶሮ ትራንስፎርመር አልነበራትም» አሉ።

«የእርስዎ ዶሮ ሠላሳ ትታቀፋለች?» አለች እናቴ ከውስጥ።

«አሥራ ሁለት ነው። ግን ለፀሐይ ጀርባዋን ሰጥታ አትቀመጥም።» በምርኩዛቸው ወደ እንጦጦ ጠቆሙ። «በዚህ ወራት ፀሐይ በዚያ በኩል ዘምበል ብላ ነው የምታልፈው። እናንተ ወደ አጥሩ አዙራችሁታል።»

ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአናታችን የምታልፍ ይመስለኝ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ከበላዬ መንገድ ስትቀይር አላየኋትም። ሶላሩን ወደ እንጦጦ አዙረን በርጩማ አስደገፍነው፤ ሠላሳ አራት። ከዚያ አንድ ጠርዙ ላይ ቀጭን ጥላ አየሁ። የተሰጣው የትምህርት ቤት ሹራቤ እጅጌ ነው። ሹራቡን ሳነሳው ሃምሳ አንድ ሆነ። አንድ እጅጌ ይህን ሁሉ ብርሃን ይዞ ነበር።

ሃምሳ አንድም ቢሆን አይበቃም። ምን እንደቀረኝ ሳስብ ዓይኔ ላስቲኩ ላይ አረፈ።

እናቴ ሶላሩ የመጣ ዕለት የድሮ ሶፋችንን ላስቲክ ቆርጣ አልብሳው ነበር። እኛ ቤት አዲስ ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም። ሪሞቱ ላስቲክ ለብሷል፤ የአሁኑን ሶፋ ከተገዛ ጀምሮ ጨርቁን ነክቼው አላውቅም። ለዚህ ነው ያላየሁት። ጠዋት ሙሉ ስወለውል የነበረው ላስቲኩን ነው። ከሥሩ ደግሞ የጠዋቱ ጤዛ ተንኖ፣ እንደ ታክሲ መስታወት ጉም ሠርቷል።

«እማ፣ ላስቲኩን እናውልቀው።»

«ወንድምሽ ለፍቶ የላከውን አቧራ ይብላው?»

«ብርሃን ከልክሎታል።»

«በውስጡ ይታይሽ የለ? ለዓይን ካሳለፈ ለሱም ያሳልፋል።»

እውነትም ይታያል። በኋላ እጇን ይዤ ባትሪው ፊት አስቀመጥኳት። «አንቺ ቁጥሩን አንብቢልኝ፤ ካልጨመረ ራሴ መልሼ አለብሰዋለሁ» አልኳት።

ግማሹን ገለጥኩ።

«ሃምሳ ሁለት። ያው ነው» አለች፤ ድምፅዋ እንቁላሎቹን የቀበረች ዕለት እንደነበረው ነበር።

እጅጌው ጠርዙን ብቻ ነክቶ ስንቱን እንደያዘ ትዝ ሲለኝ የቀረውንም ሳብኩት።

«ሰማንያ ስድስት» አለች በሹክሹክታ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደምታወራው። ከዚያ ደግማ አነበበችው።

መዳፌን ሶላሩ ላይ ዘረጋሁ፤ ቁጥሩ ወደቀ። አነሳሁት፤ ተመለሰ። እናቴም መጥታ ዘረጋች፣ ሽማግሌውም ምርኩዛቸውን አሻግረው ሞከሩ። ያን ያህል ርቀት የመጣ ብርሃን፣ ግቢያችን ደርሶ የአንድ እጅ ጥላ ያስቆመዋል፤ ካላስቆሙት ደግሞ በቀጭን ገመድ ገብቶ፣ ጓዳ ውስጥ ገና ዓይኑን ያልገለጠ ጫጩት ያሞቃል።

ሲመሽ ማሽኑን አየር ማስገቢያውን ብቻ ትተን ጋቢ ጠቀለልንበት። ሲነጋ ባትሪው ላይ አራት ፐርሰንት ቀርቶ ነበር። አራት። ከዚያ ፀሐይዋ ወጣች፣ ትናንት ቀኑን ሙሉ ሞላችው፤ ዛሬ የሆነውን ነግሬያችኋለሁ።

አሁን እናቴ ከትከሻዬ በላይ ሆና ደብተሬን እያየች ነው።

«የላስቲኩንም ጻፍሽው?»

«ጻፍኩት።»

«እንግዲያው ይኼንንም ጨምሪ። የሚያነቡት መጥተው ጫጩቶቹን ይዩ። በቀትር ይምጡ በያቸው።»

ይኸው ጨመርኩት። ኑ። ሶላሩ ራቁቱን ወደ እንጦጦ ዞሮ ታገኙታላችሁ። መዳፋችሁን ዘርጉበት፣ ቁጥሩን እኔ አነብላችኋለሁ። የምትቆሙበትን ጎን ብቻ ተጠንቀቁ።