ለአንድ ቀን እንግዳ የተከራየ ቤት

ያንን አረንጓዴ የቆርቆሮ በር እዩት። ከአስፋልቱ ወደ ታች በሚወስደው ኮብልስቶን፣ ባሕር ዛፎቹ ጋ ሳትደርሱ በስተግራ ያለው ነው። ሦስት መስኮት ወደ መንገድ ይታያል፤ መጋረጃ ያለው ግን አንዱ ብቻ ነው። የሁለቱ መስታወት ላይ አናጺዎቹ ሲገጥሙት የለጠፉት ወረቀት እስካሁን አልተላጠም። ሰው የሌለበት እንዳይመስላችሁ። ውበቱ አለበት።

ውበቱ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ማርቆስ ከተማ ውስጥ እሱ ያልገባበት ግቢ የለም፤ ውሾቹ እንኳ ለምደውት መጮህ ትተዋል። «ቆጣሪ» ይላል ከበር፣ ይገባል፣ ጎንበስ ብሎ ያነባል፣ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ በሰው ደጅ ሲዞር ይውላል። የሱን ደጅ የሚያንኳኳ ግን የለም።

እስከ አምና እንዲህ አልነበረም። ከማርቆስ ወጣ ብላ ካለችው ከይጁቤ የመጣ ነው፤ አርባን አልፏል፣ አላገባም። ወይዘሮ ያለምወርቅ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ከሚያገኘው ስድስት ሺህ ብር ሩቡን ይከፍላል። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አልጋው፣ ጠረጴዛው፣ አንዱ ወንበር ከገቡ በኋላ ሰውየው ራሱ በጎኑ ነበር የሚገባ። ግን ያለምወርቅ በግድግዳው በኩል ትጮህበታለች።

«ውበቱ፣ ልብስህ እንደተሰጣ ዘነበበት እኮ። ሞተሃል?»

«ሞቻለሁ እትዬ፤ ያንሡልኝ።»

«ለሞተ ሰው ልብስ አላነሣም» ትለዋለች። አንሥታ፣ አጥፋ ታስቀምጥለታለች።

የሚካኤል ማኅበር አለን፤ ውበቱም፣ ያለምወርቅም፣ እኔም አባል ነን። ወር በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን በየተራ አንዱ ቤት እንሰበሰባለን። ተረኛው ይደግሳል፤ ቀጣዩ ጽዋውን አንሥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ በሚመጣው ወር እሱ ይደግሳል። የውበቱ ተራ ሰኔ ሚካኤል ነው።

አምና በሰኔ እዚያች ክፍል ገባን። ቄሱ ወንበሩ ላይ፣ የቻለ አልጋው ላይ፣ የቀረው ቆሞ። ሁለቱ ከጣራው ጠርዝ ሥር ዝናብ እየመታቸው ጠላቸውን ያዙ። ጠላው ጥሩ ነበር፣ ዳቦውም ጥሩ ነበር። ከዚያ የሺዋስ፣ እህል ነጋዴው፣ አፉን ከፈተ።

«ውበቱ፣ እኛስ ተጣጥፈን ገባን። ሚካኤል ክንፉን የት ይጠፍ?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ቄሱም ሳቁ፣ ውበቱም ሳቀ። የሺዋስ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀልድ ሲመጣለት መዋጥ የማይችል ሰው ነው። የራሱ ቤት ያለው ሰው በተከራይ ክፍል ለመቀለድ ደግሞ ምንም አያወጣም።

በሐምሌ ውበቱ ይህን ቤት ተከራየ። ሰፊ ሳሎን፣ ከጎኑ ሁለት ክፍል። ኪራዩ አራት ሺህ ብር። ባለቤቱ ባሕር ዳር ነው የሚኖረው፤ ገንዘቡን በባንክ ይቀበላል፤ ግቢው ውስጥ ሌላ ነፍስ የለም።

«አብደሃል?» አልኩት።

«ማኅበሩ ይመጣል ጋሼ። ሰው ይቀመጥበታል።»

«በዓመት አንድ ቀን።»

«እሷ ቀን ናት የቆረቆረችኝ።»

እስቲ አስቡት። የገጠር ሰው የሰው መሬት በእኩል አርሶ፣ ግማሹን ለባለመሬቱ አስረክቦ ሲመለስ «ተበላሁ» ይላል፤ እውነቱን ነው። ውበቱ ከሦስት እጅ ሁለቱን ነው የሚሰጠው። ለኪራይ ሲሶ ነው የሚበቃ የሚሉ የተማሩ ሰዎች አሉ። ይበሉ። እኔ ሲሶና ሩብ አልቆጥርም፤ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ኪራዩ ተከፍሎ በተረፈው ሻይ መጋበዝ ትችላለህ? ለቅሶ ቤት ባዶ እጅህን ሳትሆን መድረስ ትችላለህ? እህትህን ሄደህ ማየት ትችላለህ? ካልቻልክ ኪራዩ በዝቶብሃል። ሌላ ሒሳብ አያስፈልገውም።

ውበቱ አልቻለም። መጀመሪያ የቀረው ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር የሚጠጣው ሻይ ነው። ተጋብዞ አለመጋበዝ ሲከብደው በሌላ መንገድ መሄድ ጀመረ። ከዚያ ሰርግ ቀረ። ከዚያ ይጁቤ ቀረ። እህቱ እየሩስ በስልክ «ቤትህ አማረ አሉኝ፤ እኛን የሚያስረሳ ቤት ነው?» ስትለው «ሥራ በዛ» ይላታል። ቆጣሪ ሊያነብ በገባበት ግቢ «ና ጠላ ቅመስ» ሲሉት እንኳ እንቢ ማለት ለመደ፤ የቀመሰ ሰው አንድ ቀን «እኛም ቤት ኑ» ማለት አለበት ብሎ ይመስለኛል። እንግዳ እንዲገባበት የተከራየው ቤት እንግዳ መጥራት ከለከለው። ይህን ሳስብ ደሜ ይፈላል።

ጭራሽ ሁለት ረጃጅም አግዳሚ ወንበር አሠራ። ለሰኔ።

ሰኔ ሳይደርስ፣ በግንቦት ሚካኤል ጽዋውን ሊያነሣ ሲገባው አልመጣም። ደወልንለት። «አሞኛል» አለ። በሽታው ብቅልና ዱቄት መግዣ ማጣት መሆኑን ሁላችንም አውቀናል፤ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን የለም። በደንባችን ተራውን ያሳለፈ ሰው እስከ ሁለት ወር ጽዋውን ካላነሣ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ያለምወርቅ ተነሣችና ጽዋውን በነጠላዋ ሸፍና ያዘች። «የሱን ሰኔ እኔ እደግሳለሁ» አለች።

ደገሰችም። ግቢዋ ውስጥ ሸራ ወጠረች። በርጩማ ላይ፣ ግንድ ላይ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጥን። ዝናቡ ከላይ ይደበድባል፤ ሰው ሁሉ ከሥሩ ገብቷል። ይህ ሸራ አምናም እዚያው ቤት ተጠቅልሎ ነበር።

«የሺዋስ» አልኩት፣ «ያ የሚካኤል ክንፍ ቀልድህ በወር ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር ይፈጃል። ታውቃለህ?»

«የቱ ቀልድ?»

አላስታወሰውም። ነገርኩት። የያዘውን ዳቦ ከአፉ መለሰው። «ለዚህ ብሎ ነው ቤት የለወጠ? ይቅርታ በልልኝ እባክህ።»

«እግር አለህ፣ ሄደህ በለው።»

እስካሁን አልሄደም።

እኔ ግን ከድግሱ ስነሣ ለውበቱ ድርሻውን ዳቦ ይዤ ሄድኩ። በሩን ሲከፍት የበዓል ነጭ ልብሱን ለብሷል። ሳሎኑ ተጠርጓል። ከግቢው ሣር አጭዶ ወለሉ ላይ ጎዝጉዟል። ሁለቱ አግዳሚዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

«ሰው ትጠብቃለህ?»

«የለም። ቀኑ ነው ብዬ ነው።»

እሱ በአንዱ፣ እኔ በሌላው ተቀመጥን። ስንናገር ድምፃችን ግድግዳው ላይ ደርሶ ይመለስብናል።

«እትዬ ጋ ነው የሆነው?» አለ።

«ግቢ ውስጥ፣ ሸራ ወጥራ።»

«ሰው ቻለው?»

«ቻለው፤ ቦታም ተረፈ።»

ዳቦውን ቆርሶ ለኔ ሰጠኝ፤ እሱ አልበላም። «እንግዲህ ከማኅበሩ ወጣሁ» አለ።

«አልወጣህም፤ ሁለት ወሩ ገና አልሞላም። ሐምሌ ሚካኤል ጽዋውን አንሣ። ወደ ድሮው ክፍልህ ብትመለስ ከኪራይ የሚተርፍህ ይደግሳል። ያለምወርቅ ድንች አስቀምጣበታለች፤ ‹ድንቹ ይነሣል በለው› ብላኛለች።»

አቀርቅሮ በእግሩ ሣሩን ሰበሰበ፣ መልሶ በተነው። «ከሰፊ ቤት ወደ ጠባብ ተመለሰ ይሉኛል።»

«ይበሉ።»

«እርስዎ አንድ ሰው ነዎት ጋሼ። የሳቀው ግን ሁሉም ነው። አንዱ ቢስቅ እኮ አልሰማውም ነበር።»

ተነሣሁ። ስወጣ በሩ ላይ ቆሞ መንገዱ እስኪሰውረኝ አየኝ።

እውነቱን ነው፣ አንድ ሰው ነኝ። የኔ አንድ አፍ አይበቃም። ከሐምሌ ሚካኤል በፊት በዚያ ስታልፉ አረንጓዴውን በር አንኳኩልኝ። ቤቱን እንዳታደንቁለት። ግቡና አግዳሚው ላይ ቁጭ በሉ፤ ከዚያ «እትዬ ያለምወርቅ ድንቹን ያንሡ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት።