ገመድ ይዘው የሚመጡት አባባ

አንድ ተራ ቀን ሽማግሌውን የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ፣ የጉልበት ሕመምና የሦስት ሰው ግልምጫ ያስከፍላቸዋል። የመኖ መደብሩ ሻጭ በሩን ስትከፍት ሁልጊዜ ቀድመዋት ቆመዋል። ኮታቸው ንጹሕ ነው፤ ቁልፎቹ ግን በሲባጎ የተተከሉ ናቸው። በእጃቸው የላም ገመድ ይዘዋል፤ ላም ግን የለችም። ገመዱን ከደጁ ምሰሶ ላይ አስረው ይገቡና፣ ጆንያው ላይ የተሰፋውን ወረቀት በጣታቸው ይዳብሳሉ።

«ልጄ፣ የዚህ አሰሩ፣ ያ ገለባ መሰሉ ሻካራው፣ ስንት ነው?»

«ከመቶ ስድስት። የዶሮ ነው አባባ፤ ትናንትም ነግሬዎታለሁ እኮ!»

«ላም ብትበላውስ?»

«ምኑን ታመሰኳዋለች? ሆዷ ይነፋል እንጂ።»

ሽማግሌው ፊደል አልቆጠሩም። አንድ ጊዜ በጆንያው ቀለም ተማምነው ይሄንኑ የዶሮ መኖ ለላማቸው ገዝተው ነበር። በሦስተኛው ቀን ላሚቱ ማመስኳት አቆመች፤ በአራተኛው ሞተች። ከዚያ ወዲህ ሌላ ላም አልገዙም።

«እሺ፣ የላሙን መኖ አሰርስ አንብቢልኝ።»

«አሥራ ሁለት።»

ይሄኔ ሻጯ ወደ ደጁ ዞር ትላለች። ነፋስ ሳይኖር ደጅ ያለው ገመድ ይወጠራል፤ ዝግ ያለ የማመስኳት ድምፅም ይሰማል። ሽማግሌው ፊታቸው ይፈታል። ሲወጡ ያገኙትን ገዢ ሁሉ የሚለምኑት አንድ ነገር ነው፤ ይሄን የምታነቡትንም እንዲሁ፦

«እናንተ የተማራችሁ፣ ጆንያውን ከመፍታታችሁ በፊት የአሰሩን ቁጥር ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ላሜ ካልሰማች አታመሰኳም።»