የሕማማቱ ረቡዕ ግጥሚያ

እታገኘሁ ኳስ የማየት ፍላጎት ኖሯት አያውቅም። ሜዳ ያደረሳት ጓንት ነው። ልጇ ዮሐና ነርስነት በምትማርበት ኮሌጅ የሴቶች ቡድን በረኛ ናት። የወቅቱ የመጀመሪያ ግጥሚያ ዕለት ጓንቷን መታጠቢያ ቤት ውስጥ እንደተሰጣ ረስታው ወጣች። እናት ጓንቱን በፌስታል ጠቅልላ ከሰፈሯ ከኦከርን ባቡር ተሳፈረች፤ ማዮርስቱን ጣቢያ ላይ ወርዳ፣ መንገድ ጠይቃ፣ ሜዳው አጥር ዘንድ ደረሰች።

ዮሐና በደስታ ተጠመጠመችባት። ከኋላዋ የቆመችው አጥቂዋ ሲግሪ፣ ቀይ ጠጉሯን ጎንጉና የምታስር ረጅም ቀልደኛ ልጅ፣ «ለበረኛ ብቻ ነው እንዴ? እኛስ?» አለችና እጆቿን ዘረጋች። እታገኘሁ መሬት መሬት እያየች አቀፈቻት። ከዚያ ሌላዋ መጣች፣ ከዚያም ሌላዋ፤ ሁሉም ተሰልፈው ተራ በተራ አቀፏት። አምና በየሜዳው ሲሸነፉ የከረሙት ልጆች ያን ዕለት አሸነፉ።

ኳስ ተጫዋቾች እንዲህ ያለውን የዕድል ነገር በዋዛ አያዩትም። በሚቀጥለው ግጥሚያ ሲግሪ «እናትሽስ?» ብላ ዮሐናን አስደወለቻት። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። እታገኘሁ መሀል ከተማ፣ ሴንትሩም ውስጥ፣ ቢሮ የምታጸዳበትን ሥራ ጨርሳ ትመጣለች፤ ልጆቹ ሰውነታቸውን ሲያሟሙቁ ቆይተው አጥሩ ዘንድ ይሰለፋሉ፤ አቅፈዋት ወደ ሜዳ ይገባሉ። ኅዳር ላይ ጉንፋን ይዟት አንድ ቀን ብትቀር ሦስት ለዜሮ ተሸነፉ። አሠልጣኙ ፊሊፕ ቁም ነገረኛ የሒሳብ መምህር ነው። «እኔ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም» አለ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ግን ወፍራም ካፖርት ልበሺ» ብሎ መከራት።

ሰው ይህን ቢሰማ ይስቅ ይሆናል። እታገኘሁ ግን እዚህ ኖርዌይ ብዙ ዓመት ኖራለች። ቢሮውን የምታጸዳው ሠራተኞቹ ከመግባታቸው በፊት ስለሆነ፣ የምታውቃቸው ጠረጴዛ ላይ በተዉት ኩባያና ወንበር ላይ በሰቀሉት ሹራብ ነው። ባቡር ውስጥ ሰዉ ከጎኗ ከመቀመጥ መቆም ይመርጣል። ክፋት አይደለም፤ እርስ በርሳቸውም እንዲያው ናቸው። ግን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ካልሄደች፣ ሳምንቱ ከልጇ በቀር የሰው እጅ ሳይነካት ያልፋል።

ስለዚህ የእያንዳንዷን አስተቃቀፍ ለይታ አወቀች። ሲግሪ ከመሬት ታነሣታለች። የአማካይዋ ጉንጭ በጸሐይም ቢሆን ቀዝቃዛ ነው። ወላጆቿ ከሐረር የመጡት ተከላካይዋ ኡምኩልሱም «እትዬ» እያለች ጀርባዋን ቸብ ቸብ ታደርጋለች። ከሰው ሠራሹ ሣር የሚነሣው ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ ከማልያቸው ወደ ካፖርቷ ይተላለፋል፤ ቤት ስትገባ መስኮቱ ዘንድ ቆማ አንድ በአንድ ትለቅመዋለች። ይህን ስታደርግ ፊቷ ፈገግ እንደሚል ዮሐና አይታለች።

በረዶው ሲቀልጥ ቡድኑ ለዋንጫ ደረሰ። የፍጻሜው ግጥሚያ ሜይ አንድ፣ የሠራተኞች በዓል ቀን እንዲሆን ተወሰነ። እታገኘሁ ቀኑን ስትሰማ ልቧ ስንጥቅ አለ፤ የሕማማት ረቡዕ ነበር። በሕማማት ሰው አይሳሳምም፣ አይተቃቀፍም፤ እጅም አይጨባበጥም። ይሁዳ ጌታውን በመሳም አሳልፎ የሰጠበት ሳምንት ነው። ይህን ሥርዓት ከልጅነቷ ጀምሮ፣ ሱዳን በስደት ድንኳን ውስጥ ሳለች እንኳ፣ አፍርሳው አታውቅም።

ብትቀር እንደ ኅዳሩ ይሸነፉና ጥፋቱ የእሷ ይሆናል። ብትሄድ ደግሞ የተዘረጉትን እጆች ሁሉ እንዴት ትመልሳለች? ከዚያስ በኋላ እንደ ድሮው ያዩአታል? ለዮሐና ብትነግራት ልጅቷ ጭንቀቱን ይዛ ጎል ውስጥ መቆሟ ነው። ስታወጣ ስታወርድ ከርማ፣ ዓይን አፋር ሰው ብቻ የሚያስበውን አሰበች። ሄዳ፣ ግን ከወዲያኛው ማዶ፣ ከተጋጣሚዎቹ ደጋፊዎች ኋላ ቆመች።

ልጆቹ አዩዋት። እጃቸውን አወዛወዙላት፤ እሷም አወዛወዘች። አጥሩ ዘንድ ተሰልፈው ጠበቋት። አልመጣችም። ዳኛው ፊሽካ ነፋና ሰልፉ ተበተነ።

ጨዋታው ልብ የሚያደርቅ ነበር። ሲግሪ ባዶ ጎል ሳተች። ዮሐና ዓይኗ ወደ ማዶ እየሸሸ ሳለ፣ ከሩቅ የተመታች ኳስ በጎኗ አልፋ ገባች።

እረፍት ሲሆን ፊሊፕ ሜዳውን ዞሮ መጣ። «ምነው እታገኘሁ፣ አሞሽ ነው?» ብሎ እጁን ዘረጋላት።

እጆቿን ወደ ኋላ ሸሸገች። የፊሊፕ ፊት ቀላ።

«ልጆቹ ምን አደረጉሽ? ሲግሪ ተቀይማናለች እያለች ነው።»

የእታገኘሁ ኖርዌጅኛ ለሥራ የሚበቃ እንጂ ለሃይማኖት የሚሆን አልነበረም። ቢሆንም ጀመረችው። «በዚህ ሳምንት እኛ አንሳሳምም። እጅም አንጨብጥም። ጌታን የሸጠው ወዳጁ ነው፤ ስሞ ነው የሸጠው።»

ፊሊፕ የተዘረጋ እጁን አየት አድርጎ ኪሱ ከተተው። «እስከ መቼ?»

«እስከ ፋሲካ።»

«ፋሲካ እኮ አልፏል።»

«የእናንተው።»

«ታዲያ ለምን እዚህ ቆምሽ?»

«ካልመጣሁ ትሸነፋላችሁ። ከቀረብኩ ደግሞ ትሰለፋላችሁ።»

ሊስቅ ብሎ ተወው። «ነይ፤ ይህን ለእነሱ ንገሪያቸው።»

ሜዳውን ሙሉ በብሩሽ አጽጂ ቢላት ይቀላት ነበር። ግን ሄደች። ልጆቹ ሣሩ ላይ ተዘርግተው ብርቱካን ይመጥጣሉ። ቆማ፣ ጣቶቿን እያፍተለተለች፣ ለፊሊፕ ያለችውን ደገመችላቸው።

መጀመሪያ የተናገረችው ዮሐና ናት፤ በአማርኛ። «እማዬ ሙች! ከሰኞ ጀምሮ እኔንም አልሳምሽኝም እኮ! ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳትጨነቂ ብዬ ነዋ።»

«እና አሁን አልተጨነቅኩም? ጎሉ የገባብኝ አንቺን ሳይ ነው!»

«ምንድን ነው የምትባባሉት?» አለች ሲግሪ። «በኖርዌጅኛ!»

«በረኛችሁ ሰበብ እየፈለገች ነው» አለች እታገኘሁ፤ ከማንም በፊት የደነገጠችው ራሷ ናት። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ።

ኡምኩልሱም ተነሣች። «አባቴ የሴት እጅ አይጨብጥም፤ እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለችና መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። «ይህስ ይሆናል፣ እትዬ?»

«ይሆናል፣ የኔ ልጅ።»

ሁሉም ተሰልፈው እንዲሁ አደረጉ። እታገኘሁም ለእያንዳንዷ ጎንበስ አለች። መጨረሻ ላይ የቆመችው ሲግሪ «ያንቺ ፋሲካ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ነው የማቅፍሽ» ብላ ወደ ሜዳ ሮጠች።

ከእረፍት በኋላ ኡምኩልሱም የማዕዘን ምት በጭንቅላቷ ገጭታ አቻ አደረገቻቸው። ዮሐና ዓይኗ ከኳሱ ላይ አልተነሣም፤ አንዷን ተወርውራ በጣቷ ጫፍ አወጣች። ሊያልቅ ሲል ሲግሪ ሁለት ሰው አልፋ መታች፣ ኳሷም መረቡን ነካች። ፊሽካው ተነፋ። ያ በየሜዳው ሲሸነፍ የነበረ ቡድን ዋንጫ በላ።

ልጆቹ እርስ በርስ ሲደራረቡ ሲግሪ ግን አጥሩን ዘላ መጣች። ሁሉን ረስታለች። እታገኘሁን ከነካፖርቷ ብድግ አድርጋ አንዱን ጉንጯን ሳመቻት፤ ሌላውንም ሳመቻት።

«ሲግሪ! ተይ!» ብላ ጮኸች ዮሐና።

ሲግሪ ደርቃ ቀረች። ቀስ ብላ አወረደቻትና እጆቿን ማላላት ጀመረች። ያኔ ነው እታገኘሁ የያዘቻት። በሁለት እጇ፣ ላብና የጎማ ፍርፋሪ የነካውን ማልያ ጨምድዳ፣ እንደገና ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት። ዮሐና መዳፏን ደረቷ ላይ እንዳደረገች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ራቅ ብላ ታያቸው ነበር።

ዓርብ ስቅለት ነው። ምእመናኑ በተከራዩት የኖርዌጅኖች ቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበሮቹ ወደ ግድግዳ ተጠግተው ምእመኑ ከጠዋት ጀምሮ ሲሰግድ ዋለ። ወደ ማታ ሁሉም ወደ ካህናቱ እየቀረበ በደሉን ይናገራል፤ ካህኑ በቅጠል ጀርባውን ቸብ አድርገው ስግደት ይጨምሩለታል። ወይራ ስለማይገኝ ቅርንጫፉ በርች ከሚባለው ከአገሩ ዛፍ ነው፤ ቅጠሉ ገና ማቆጥቆጡ ነበር። እታገኘሁ በሥራ ቀን አውቶቡስ ወደሚነዱት ወደ ቄስ ኃይለመስቀል ቀረበች።

«አባ፣ ረቡዕ ለት ስሜያለሁ።»

«ሳምሽ ወይስ ተሳምሽ?»

«መጀመሪያ ተሳምኩ።»

«ከዚያስ?»

«ልትለቀኝ ስትል... እኔ አልለቀቅኋትም።»

«ማን ናት?»

«የዮሐና ጓደኛ። ኳስ አሸንፈው ነው።»

«ልጅቱን በሐሰት ነው ያቀፍሻት?»

«አይ፣ አባ። በእውነት ነው።»

«ሥርዓት ግን ሥርዓት ነው» አሉና ጀርባዋን በቅጠሉ ቸብ አደረጓት፤ ስግደትም ጨመሩላት።

ጥግ ይዛ የታዘዘችውን ሰገደች። በየስግደቱ ጸጸቱን በልቧ ፈለገችው። የምታገኘው ግን የልጅቷን የልብ ትርታ ነበር፤ ከሩጫው የተነሣ በማልያው ላይ ይመታ የነበረውን። ቁጥሩ ሞልቶ ሰዉ መበተን ሲጀምር፣ ጸጸቱን ስላጣችው በራሷ ፈቃድ ሌላ ጨምራ ሰገደች።