እትዬ መዝገብ ለእህቷ ልጅ የሰጠችው ግምት

በዚያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእናት አባት ስሟን የሚያውቅ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መዝገብ ቤት ተቀምጣ ስለኖረች «እትዬ መዝገብ» ብለዋት ቀረች። እሷም ለምዳው በመንገድ ላይ እንኳ በዚያ ስም ሲጠሯት አቤት ትል ነበር።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ወደ ግቢው የምትከፈት አንዲት ትንሽ የእንጨት መስኮት አለቻት፤ ተማሪ ጎንበስ ብሎ ጉዳዩን የሚናገረው በዚያች ነው። ከጀርባዋ እስከ ጣሪያ የደረሰ መደርደሪያ፣ በሲባጎ የታሰረ ፋይል በፋይል ላይ፣ አንድ እግሩ ያጠረ መሰላል። እንዳይወላገድ ብላ ካርቶን አጥፋ ከሥሩ ወሽቃለታለች። ማኅተሙ ከመሳቢያ፣ የመሳቢያው ቁልፍ ከአንገቷ አይለይም።

ሥራዋ ውጤት መመዝገብ፣ ማስረጃ መጻፍና ማኅተም መምታት ነው። ሰው የሚፈልጋት ግን ማንም ባላዘዛት ሥራ ነበር። በየዓመቱ ኮሌጆቹ የተቀበሏቸውን ልጆች ስም ከነነጥቡ ሲልኩ፣ ሌላው ሰው አንብቦ ይረሳዋል፤ እሷ ግን ከየኮሌጁ መጨረሻ ላይ የገባውን ልጅ ነጥብ በደብተር ትይዛለች። ልጆቹ መቁረጫ ነጥብ ይሉታል። ኮሌጆቹ ራሳቸው አስቀድመው አይናገሩትም።

ደንቡ ደግሞ ክፉ ነበር። ልጁ አንድ የመጀመሪያ ምርጫ ይጽፋል። እዚያ ካልተቀበሉት፣ ሌሎቹ አስቀድመው በመረጧቸው ልጆች ሞልተው ይጠብቁታል፤ ከዚያ በኋላ የተረፈ ቦታ ወዳለበት፣ ያላሰበውን ትምህርት እንዲማር ይወረውሩታል። ስለዚህ የምርጫው ሳምንት ሲደርስ ከመስኮቷ ሥር የሚሰለፈው ልጅ ለጉድ ነው። እናት አባት ሳይቀር ይመጣል።

«እትዬ፣ ለሕግ ኮሌጅ እበቃለሁ ይላሉ?» አላት በዚያ ዓመት የባለሱቁ ልጅ፣ ቆቡን በእጁ እየጠመዘዘ።

«ነጥብህን በል እንጂ፣ እኔ ፊትህን አይቼ ነው የምናገር?»

«አምስት መቶ ሠላሳ ሰባት።»

ደብተሩን ገለጠች። ሕግ የሚያስተምሩ ኮሌጆች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ሃያ ልጅ ብቻ ስለሚወስድ ከአምስት መቶ ሃምሳ በታች አይታሰብም። ትልቁ ኮሌጅ ደግሞ ባለፉት ሦስት ዓመታት በአምስት መቶ ሠላሳ ስድስት፣ በአርባ አንድ፣ በሠላሳ ዘጠኝ ቆርጧል። «ሞክር» አለችው። «ዘንድሮ ፈተናው ከባድ ነበር፣ ይወርዳል።»

ከኋላ የቆመው ዘበኛ አንገቱን አሰገገ። «እኔስ እትዬ መዝገብ፣ የት እገባለሁ?»

«አንተማ ድሮ ገብተሃል፤ መውጫው ነው የጠፋህ።»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ይህ ሐሙስ ነው።

እንግዲህ እህቷ የሞተች ጊዜ የአምስት ዓመት ልጅ ትታ ነበር። እትዬ መዝገብ ባል አላገባች፣ አልወለደች፤ ያቺን ልጅ አቅፋ ወደ ቤቷ ገባች፣ በቃ። ቤቱ አንድ ክፍልና አንዲት ማድ ቤት ነው። ሁለት አልጋ ግድግዳና ግድግዳ ይዘው ይተያያሉ፤ መብራት ከጠፋ በኋላ እንኳ ከአልጋ ወደ አልጋ ወሬ አያልቅባቸውም ነበር።

ልጅቷን ሰፈሩ ሁሉ «ጠበቃዋ» ይላታል። ገና ሰባት ዓመቷ ሳለ፣ ጎረቤት ልጁን ሊገርፍ ቀበቶውን ሲፈታ በር ላይ ቆማ «መጀመሪያ እሱ ይናገር እንጂ! ሳይጠየቅ ይመታል?» ብላ ጮኸች። ሰውዬው አፍሮ ቀበቶውን መልሶ ታጠቀ። ከፍ ስትል ደግሞ ትምህርት በማይኖርበት ቀን ፍርድ ቤት ሄዳ ከኋላ አግዳሚ ላይ መቀመጥ አመጣች። ማታ ዳኛውን፣ ከሳሹን፣ የሚያስነጥሰውን ችሎት አስከባሪ ሳይቀር እያስመሰለች አክስቷን በሳቅ ትገድላት ነበር። ሕግ መማር ነው የምትፈልገው። ሌላ ሐሳብ ልቧ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

አምስት መቶ ሠላሳ ስምንት አመጣች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። እትዬ መዝገብ ማድ ቤት ሆና ሳህን ታጥባለች። ልጅቷ ከውጭ ዞራ መጣችና በማድ ቤቱ መስኮት ጎንበስ አለች።

«እትዬ፣ ተሰልፌ ነበር። ተራዬ ደረሰ።»

«ስም?»

«ጠበቃዋ።»

«ነጥብ?»

«እያወቅሽው! አምስት መቶ ሠላሳ ስምንት።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ አክስቲቱ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

ለሌላ ሰው ልጅ ቢሆን መልሱ አፏ ላይ ነበር። ግን ይሉኝታ ያዛት። የእህቷ ልጅ ብትገባ «ማኅተሙ በእጇ፣ መዝገቡ በእጇ፣ ምን ይሳናታል» ሊሉ ነው፤ ብትወድቅ ደግሞ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ሊሉ ነው። ይህን ሁሉ አሰበች። ያላሰበችው፣ ወይም እያሰበች ያላሰበች የመሰላት፣ ሌላ ነገር ነው። ትልቁ ኮሌጅ በአውቶቡስ የሁለት ቀን መንገድ ነው። ዓይኗ በተከፈተው በር አልፎ በወዲያኛው ግድግዳ ያለው አልጋ ላይ አረፈ። ፍራሹ ተጠቅልሎ፣ ሽቦው ባዶውን ታያት።

«አትሞክሪ» አለች።

«ምን?»

«እዚሁ ከተማ ያለውን ኮሌጅ ጻፊ። ሒሳብ አያያዝ።»

«አክስቴ! አምና በሠላሳ ዘጠኝ ነው የቆረጠው አላልሽም? ለአንዲት ነጥብ?»

«ለአንዲት ነጥብ ስንቱ መስኮቴ ሥር አልቅሷል መሰለሽ!»

«ልውደቅ እንግዲህ። ምን ያደርጉኛል?»

«ከብት እርባታ ቢወረውሩሽስ?»

«ላሞቹን እከሳለኋ።»

አክስቲቱ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ሰበሰበችው። «ቀልዱን ተዪ። አንድ ዓመት ሒሳብ አያያዝ ተምረሽ ወደ ሕግ ትዞሪያለሽ።»

«መዞር ይቻላል?»

«ይቻላል።»

በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የዞረ አንድ ልጅ ታውቃለች። እሱም እንዴት እንደዞረ ፈጣሪና አጎቱ ናቸው የሚያውቁት።

ልጅቷ የመስኮቱን ጠርዝ በጥፍሯ ስትፍቅ ቆየች። በመጨረሻ «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አለች። «አንቺ ስትሳሳቺ አላየሁም።» ቅጹን አምጥታ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ «ሒሳብ አያያዝ» ብላ ጻፈች። ሰኞ ጠዋት እትዬ መዝገብ በገዛ እጇ ማኅተሙን መታችበት።

ዝርዝሩ የመጣ ቀን እንደ ልማዷ በሩን ዘግታ ብቻዋን ከፈተችው። የሕግ ኮሌጁን ወረቀት ከግርጌ ጀመረች። የመጨረሻው ልጅ አምስት መቶ ሠላሳ አምስት ነው። ዝቅ ብላ አየችው፣ መነጽሯን ጠርጋ አየችው፤ ሠላሳ አምስት። ከፍ ብሎ የባለሱቁ ልጅ ስም አለ። መሰላሉን ይዛ ቆመች። ውጭ ልጆቹ «እትዬ ይለጥፉልን እንጂ!» እያሉ መስኮቱን ይቆረቁራሉ። ማን ይለጥፍላታል? ራሷ ወጥታ ለጠፈችውና ወደ መስኮቷ ተመለሰች።

ልጅቷ ከሁሉም ኋላ ቆማ ነበር፤ የእሷ የታወቀ ነዋ። ግፊያው ሲቀል ጠጋ ብላ የራሷን ስም እንኳ ሳትፈልግ በሕጉ ዝርዝር ላይ ጣቷን እያስኬደች ወረደች። ግርጌ ሲደርስ ጣቷ ቆመ። ዞር ብላ ወደ መስኮቱ አየች። የባለሱቁ ልጅ እየዘለለ መጥቶ «እትዬ፣ አፍዎ ማር ነው!» ብሎ የአክስቲቱን እጅ ሲስም፣ ልጅቷ ሄዳ ነበር።

ልጅቷ ሦስት ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። በአራተኛው እትዬ መዝገብ ፈቃድ ጠይቃ አውቶቡስ ተሳፈረች። ሁለት ቀን ተጉዛ በትልቁ ኮሌጅ መዝገብ ቤት ፊት ጎንበስ አለች። መነጽር ያደረገ ሰው ወረቀቱን ተቀብሎ አገላበጠ።

«እናቴ፣ ልጅቷ እኛን አልመረጠችም እኮ።»

«ነጥቧ ይበቃል። ከመጨረሻው ልጅ በሦስት ትበልጣለች።»

«ይበቃል። ግን አልመረጠችንም።»

«እኔ ነኝ ያሳትኳት።»

«እርስዎ ምንዋ ነዎት?»

«አክስቷ። የትምህርት ቤቷ መዝገብ ቤት ሠራተኛም ነኝ።»

ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ። ክፉ ሰው አልነበረም። «እንግዲያማ ደንቡን ከእኔ በላይ ያውቁታል» አላት። ይህንኑ ቃል እሷ ለስንት እናት ተናግራዋለች! በመልስ ጉዞዋ ሁለቱን ቀን ራሷን ከአውቶቡሱ መስተዋት ላይ አላነሳችም፤ ጎኗ የተቀመጠችው ሴት ያመማት መስሏት ውኃ ትሰጣት ነበር።

ቤት ስትደርስ ቀትር ነው። ልጅቷ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ትጠብቃታለች። ሻንጣ ከእግሯ ሥር አለ።

«እንዴት ሆነ?»

«እምቢ አሉ።»

«ቁጭ በይ አክስቴ። ልጠይቅሽ።» ድምፁ የምታውቀው አልነበረም። ቀዝቃዛ ነው። «ለባለሱቁ ልጅ ምን አልሽው?»

«ሞክር አልኩት።»

«በስንት ነጥብ?»

«በሠላሳ ሰባት።»

«የእኔ ስንት ነበር?»

«ሠላሳ ስምንት።»

«ይዞራል ያልሽኝስ? ስንት ሰው ዞሯል?»

አክስቲቱ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች፣ ፈታች።

«መልሺልኝ።»

«አንድ።»

«ይህን እያወቅሽ ነው ያልሽኝ?»

«እያወቅሁ ነው።»

«ለምን?»

ይሉኝታውን ልትነግራት ቃጣት። አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን እንዲህ እየጠየቁት የሚዋሽ ሰው ጉልበት ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ ከአራት ቀን መንገድ ነው የመጣችው።

«ብቻዬን እንዳልቀር» አለች።

ልጅቷ ሌላ ጥያቄ አልነበራትም። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። እዚሁ ከተማ ባለው ኮሌጅ መኝታ ቤት ከአንዲት ልጅ ጋር አልጋ እንዳገኘች ተናግራ ሻንጣዋን አንስታ ወጣች። ኮሌጁ ከቤቱ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። በሚቀጥለው ዓመት ልጆቹ እንደ ወትሮው መስኮቷ ሥር ሲሰለፉ «እኔ አላውቅም፤ የልባችሁን ጻፉ» አለቻቸው። ብዙው የልቡን ጻፈ፤ ብዙውም ያለ ቦታው ተወረወረ። ለዚያም እሷኑ ወቀሷት። አልተከራከረችም።

ልጅቷ ሒሳብ አያያዙን ጨረሰች። አንድ መጋዘን ውስጥ ተቀጥራ ጆንያ ሲገባና ሲወጣ ትመዘግባለች። ጎበዝ ናት ይሏታል። የድሮ ቅጽል ስሟን የሚጠራ ሰው የለም፤ አንድ ቀን ዘበኛው መንገድ ላይ ጠርቷት ነበር፣ ሳትዞር አለፈች።

አክስቷን አትጠይቅም አይባልም። በወር አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ፣ ትመጣለች። መድኃኒት ታመጣለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታ አይታ ሰው ትልካለች። ስትጠየቅ ትመልሳለች። ወሬ አትጀምርም። እትዬ መዝገብ ጡረታ ከወጣች በኋላ በአንዱ ቅዳሜ፣ ልጅቷ እጇን አድርቃ ቦርሳዋን ስታነሳ፣ አሮጊቷ የልጅቷን የድሮ አልጋ ቀና አድርጋ አንጥፋ ነበርና ደፈረች።

«ዛሬ እዚህ ብታድሪ ምን አለበት?»

«ነገ ሥራ እገባለሁ» አለች ልጅቷ።

ነገ እሑድ ነበር፤ መጋዘኑ እሑድ አይከፈትም።

«እሺ የኔ ልጅ» አለች እትዬ መዝገብ፤ «እንግዲያው ሳይመሽብሽ ሂጂ።»