መድን የተገባለት የጭቃ ቤት

ባለፈው ዓመት አቃቂ በሰቃ ውስጥ በአንድ ጠባብ መንገድ ሳልፍ ሰዎች አሮጌ ቤት ሲመርጉ አገኘሁና፣ ጭድ ተቀላቅሎበት የሰነበተ ጭቃ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው እግሬ ባለበት ቆመ። ደስ የሚል ሽታ አይደለም፤ እንደ ከብት በረት ኮምጠጥ ይላል፣ ልብስ ላይ ይቀራል፣ ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፈዋል። እኔ ግን መንገደኛ እየገፋኝ እዚያው ቆሜ የእናቴን የስፌት መኪናና የአባቴን ዝምታ፣ ደግሞም ጥፋቱ የማን እንደነበር እስከ ዛሬ ለይቼ ያላወቅኩትን አንድ ክረምት አሰብኩ። ልጆቼ «እማዬ፣ ስለ ኢንሹራንስ ስታወሪ ለምን ትቆጫለሽ?» እያሉ ይስቁብኛል። አልቆጣም። ትንሽ ብቻ እቆጣለሁ።

ቤታችን ከባቡር ጣቢያው ዝቅ ብሎ፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ የተሠራ ቆርቆሮ ክዳን የጭቃ ቤት ነበር፤ የጅቡቲው ባቡር ሲያልፍ ብርጭቆዎቹ በመደርደሪያው ላይ እርስ በርስ እየተጋጩ ይንጫጩ ነበር። አባቴ ተሰማ የሀዲድ ጥገና ሠራተኛ ሲሆን ከአፉ ቃል የማይወጣ ቁጥብ ሰው ነበር፤ ሁለት ቃል በሚያስፈልግበት ቦታ አንድ ያወጣል፣ አንድ በሚያስፈልግበት ቦታ ደግሞ አንዳንዴ ምንም አያወጣም። እናቴ በላይነሽ የሁለቱንም ድርሻ ታወራ ነበር። በእግር በምትረገጠው የስፌት መኪናዋ የሰፈሩን ልጆች የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋች የቤቱን ግማሽ ወጪ ትሸፍን ስለነበር፣ መኪናዋን ከእኛ ከልጆቿ አስበልጣ ትወዳለች እያልን እንቀና ነበር። እሷም አትክድም። «እናንተ ትበላላችሁ፣ እሷ ታበላለች» ትለን ነበር።

በአንዱ በጋ፣ ሣሩ ሁሉ ደርቆ ነፋሱ አቧራ ይዞ በሚዞርበት ወቅት፣ የጎረቤታችን የእትዬ ዘነበች ማድቤት ተቃጠለ። ሰፈሩ ባልዲ እየተቀባበለ እሳቱን አጠፋና ብዙም ሳይቆይ ማድቤቱን መልሶ አቆመላቸው፤ ለሌላው ሰው ነገሩ በዚያው አለቀ፣ አባቴ ግን ሲያስብ ሰነበተ። በዚያው ሰሞን ከከተማ በባቡር የመጣ፣ ጥቁር ጃንጥላ የያዘ ሰው ጣቢያው ላይ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ስለ መድን ሲያስረዳ፣ ሌሎቹ እየሳቁ ተበተኑና አባቴ ብቻ ቀርቶ ሰውየውን ይዞት ወደ ቤት መጣ። ሰውየው ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ፣ የስፌት መኪናዋ ዘንድ ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። እናቴ ገና የእሳትና የጎርፍ ስም ሲጠራ «ምን ዓይነቱ ሟርተኛ ነው!» ብላ እኔን በእጄ ጎትታ ወደ ደጅ ወጣች፤ ስለዚህ ሰውየው በመጨረሻ የተናገረውን የሰማ አባቴ ብቻ ነበር። እሱ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደነገረኝ ሰውየው ያለው ይህን ነው፦ «ጉዳት ከደረሰ ምንም ሳትነኩ፣ ምንም ሳትጠግኑ ቶሎ አሳውቁን። ሰው ልከን እንደወደቀ እናየዋለን።»

ባለጃንጥላው ከሄደ በኋላ እናቴ ተመልሳ ገባች።

«ደህና የቆመን ቤት ይወድቃል ብሎ ገንዘብ መክፈል ምን የሚሉት ነው?» አለችው።

«ባቡር ፍሬን የሚገጠምለት ይጋጭ ተብሎ ነው እንዴ?» አላት።

«ፍሬንማ ያቆማል። ያንተ ወረቀት ምኑን ያቆማል?»

አባቴ ወረቀቱን አጣጥፎ ሳጥኑ ውስጥ ከተተው።

የእኔ ግራ መጋባት ደግሞ ከሁለቱም የባሰ ነበር። ስኳር ሲገዛ ስኳር ይመጣል፣ ጨርቅ ሲገዛ ጨርቅ ይመጣል፤ መድን ተገዝቶ ግን ቤታችን የገባ አዲስ ነገር አልነበረም። አባቴን ብጠይቀው ጎርፍ ከመጣ ይክሱናል አለኝ። ካልመጣስ? ካልመጣማ ምንም የለም። ታዲያ እንዲመጣ ነው የምንፈልገው? አይደለም። ታዲያ ለምን ገዛነው? እንቅልፍ እንዲወስደን ነው አለኝ። እኔ እንቅልፍ ያጣሁት ግን ከዚያ ወዲያ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ጎርፉን አስቀርልን ብዬ ልጸልይ ስል የአባቴ ገንዘብ በከንቱ መቅረቱ ትዝ ይለኛል፣ ይምጣ ልል ስል ደግሞ እናቴ ሟርት ያለችው ይመጣብኛል፤ በመጨረሻ «አንተ እንደመሰለህ አድርግ» ብዬ እሰግድና እመለስ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ ጠነከረ። ከሞጆ ማዶ አፈር ተንዶ ሀዲዱን ስለቀበረው አባቴን ከነጓደኞቹ ወደዚያ ወሰዷቸው። በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ከቅዳሴ ተመልሰን ገና ነጠላችንን ሳናወልቅ ወንዙ ሞልቶ ወጣና ደጃችን ደረሰ፤ እናቴ እኔንና ታናሽ ወንድሜን እየጎተተች ወደ ጣቢያው ሮጠች። ውሃው ጎድሎ ስንመለስ የጓዳው ግድግዳ ተደርምሶ፣ የስፌት መኪናዋም ከነመርገጫዋ ጭቃ ውስጥ ተቀብራ አገኘናት። እናቴ ራሷን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፣ ዩኒፎርም ያዘዘው ሁሉ ጨርቁን እሷ ዘንድ አስቀምጧል፣ ያቺ መኪና ካልሠራች ደግሞ ክረምቱን ተሻግረን የምንበላው ነገር አልነበረንም።

ያን ጊዜ የእድራችን ዳኛ ኦቦ ገመዳ መጡ። ሀዲዱ ሳይዘረጋ በፊት ጀምሮ ቤተሰባቸው እዚያው አቃቂ ያርስ የነበረ፣ ሁሉ የሚያከብራቸው አዛውንት ነበሩ። «ጃባዹ፣ አይዞሽ በላይነሽ» አሏት። «ሰው ተርፏል አይደል? ጭቃውን ለእኛ ተይልን።» ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው አሁንም ደስ ይለኛል። ወንዶቹ ባሕር ዛፍ ቆርጠው ማገር ሲያስሩ፣ ሴቶቹ የጨቀየውን ጨርቅ ሲያጥቡ፣ እኛ ልጆች ልብሳችንን ሰብስበን እየተንሸራተትን ጭቃ ስንረግጥ፣ እትዬ ዘነበች የስፌት መኪናዋን አስፈትተው ብሎን በብሎን በነጭ ጋዝ ሲያጥቡ፣ መሬቱ በወጉ ሳይደርቅ ግድግዳው ቆመ። የተሰባበሩትን ወንበሮች እንኳ ፈልጠው ለሠራተኛው ንፍሮ ማገዶ አደረጓቸው።

አባቴ ሀዲዱ ተከፍቶ በመጣ ቀን ደጃፉ ላይ ቆሞ እርጥቡን ግድግዳ በመዳፉ ሲዳብስ አየሁት። ጎረቤቱ ሁሉ በኩራት ያየው ነበር፤ እሱም የትልልቆቹን ጉልበት እየሳመ አመሰገነ፣ ፊቱ ግን ሰው የሞተበት ይመስል ነበር። ቤቱ ተሠርቶለት ለምን እንዳዘነ ማናችንም አልገባንም። በማግስቱ ከተማ ወጥቶ ለመድኑ ቢሮ አስታወቀና ሲመለስ እናቴን «ቤቱን የሚያይ ሰው ይልካሉ» አላት። ሌላ ምንም አልጨመረም።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። እናቴ መድን ሲባል ዋስ ይመስላት ነበር፣ በዕድሜዋ ያወቀችውም ዋስ ሰው ብቻ ነበር፤ ዋስ የሚሆን ሰው ደግሞ ደጅህ መጥቶ የሚያየው መቆምህን ነው፣ ለወደቀ ሰው ማን ዋስ ይሆናል? ስለዚህ የሚመጣው ሰው ተጎሳቁለን አይቶ እንዳይንቀን ብላ ግድግዳውን ኖራ ቀባች፣ መኪናዋን ወልውላ ዳንቴል አለበሰቻት፣ ከእትዬ ዘነበች ደህና ደህና ወንበሮች ተዋሰች። ጎረቤቶቹንም «እንግዳ ይመጣልና አታሳፍሩኝ» ብላ አደራ አለቻቸው።

ሰውየው በመስከረም መጣ። ባለጃንጥላው አልነበረም፤ እኛን የማያውቅ፣ አንገቱን የሚደፋ ጨዋ ወጣት ነበር። አባቴ ሥራ ላይ ስለነበር ሰው ሊጠራው ሮጠ፣ እናቴ ግን እንግዳውን አስቀምጣ፣ ጎረቤቶቹ በተሰበሰቡበት ምግብ አቀረበች።

«በጎርፉ ምን ምን ተጎዳባችሁ፣ እትዬ?» አላት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልሆንን። ይብሉ እንጂ!»

«የጓዳው ግድግዳ ወድቋል ተብሎ ነበር።»

«የቱ ግድግዳ ነው ልጄ?» አሉ ኦቦ ገመዳ። «እስቲ ግፋው።»

ወጣቱ ተነስቶ ገፋው። ግድግዳው አልነቃነቅ አለ፤ በሩ ላይ የተኮለኮለው ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። የስፌት መኪናዋን ቢጠይቅ እትዬ ዘነበች «እሷማ ከአዲስ ትበልጣለች!» ብለው ዳንቴሉን ገልጠው ረገጡለት፣ መኪናዋም ለዚያች ቀን ያለ እንከን ዞረች። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ በእናቴ ኮርቼ ነበር።

አባቴ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ እያለከለከ ደረሰ። «ወድቆ ነበር!» አለ ከበሩ ጀምሮ። «ይሄ ሁሉ ወድቆ ነበር፣ መኪናዋም ጭቃ ውስጥ...»

ኦቦ ገመዳ ክንዱን ያዙት። «ተው እንጂ ተሰማ!» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ገመናህን ለእንግዳ ትዘረግፋለህ? ጎረቤት የሌለህ ልታስመስል ነው?»

ወጣቱ አንዴ አባቴን፣ አንዴ ሽማግሌውን እያየ ግራ ተጋባ። «እርስዎ ነዎት የሚያውቁት አቶ ተሰማ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» ብሎ ጠየቀው።

አባቴ ወደ እናቴ ዞረ። የክት ቀሚሷን ለብሳ በሰው ወንበር አጠገብ ቆማ ፈገግ ብላ ታየው ነበር። ግድግዳውን ሲያቆሙ ወገባቸውን ወደታመሙት ወደ ኦቦ ገመዳም ዞረ። ወድቋል ብሎ ቢጸና እነዚህን ሁሉ ሰዎች በእንግዳ ፊት ውሸታም ማድረጉ ነበር።

«እነሱ እንዳሉት ነው» አለ።

ጥቅምት ሳያልቅ መኪናዋ ክር መበጠስ ጀመረች። ውስጥ ውስጡን ዝጎ ኖሮ ጠጋኙ ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። እናቴ ያልተሰፋውን ጨርቅ ለየባለቤቱ እየዞረች መለሰችና ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ገባች፤ ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ የምናውቃት ተኝታ ወይም ልትወጣ ስትል ነበር። አባቴ ሳይነኩ ማሳወቅ እንደነበረባቸው የነገራት ያን ሰሞን ነው። ሰምታ ስትጨርስ ሳቀች፣ ሳቋ ግን ወዲያው ወደ ለቅሶ ዞረባት።

«አንዲት ቃል! አንዲት ቃል ብትነግረኝ እኮ ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቀው ነበር።»

«ብነግርሽ ትሰሚኝ ነበር?»

እናቴ ተነስታ ዳንቴሉን ከመኪናዋ ላይ አነሳችና አጣጠፈችው።

ሰዎች እንዲህ ያለ ታሪክ ሲሰሙ «እውነተኛው መድንማ ጎረቤት ነው» ይላሉ፤ እኔን የሚያስቆጣኝ ይህ ነው። ጎረቤት ግድግዳ አቆመ እንጂ የእናቴን መኪና አልመለሰላትም፣ መድኑ ሊመልስላት ይችል የነበረውንም፣ ጎረቤት በፍቅር አስቀረባት። ለዚህ ነው ልጆቼን የምነዘንዛቸው። መድን ስትገቡ ባል ለሚስት፣ ሚስት ለባል፣ ለቤት ሠራተኛም ጭምር ንገሩ፤ ወረቀቱ የት እንዳለ ሁሉም ይወቅ፤ ምን እንደሚክሱና ምን እንደማይክሱ ሳትፈርሙ ጠይቁ፤ ጉዳት ከደረሰ ሰው ከአደጋው አውጡ እንጂ ሌላውን ፎቶ ሳታነሱና ሳታሳውቁ አትንኩ፤ ሲጠይቋችሁ ደግሞ ለአንዲት ቀን እንኳ ይሉኝታችሁን አስቀምጡና የሆነውን እንደሆነ ተናገሩ እላቸዋለሁ።

እኔም ያልኩትን አድርጌዋለሁ። አሁን የምኖረው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። አምና ከላይኛው ፎቅ ቧንቧ ፈንድቶ ቤቴ ውሃ ሲሞላ፣ ፊት ለፊቴ የምትኖረው ሰላማዊት መጥረጊያዋን ይዛ ልጆቿን በባልዲ አስከትላ መጣች። በሩ ላይ ቆሜ «እባክሽ ሰላም፣ የኢንሹራንስ ሰው ሳያየው አይነካም» አልኳት። ባልዲውን ከልጇ እጅ ተቀብላ ተመለሰች። መርማሪው መጣ፣ እርጥቡን ቤት እንዳለ አየ፣ ኩባንያውም ሳያጓድል ከፈለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላማዊት ደረጃ ላይ ስታገኘኝ በደህና ሰላም ትለኛለች፣ በሬን ግን አንኳኩታ አታውቅም።

ባለፈው ወር ደግሞ ውሃው የእሷ ቤት ገባ። እንቅስቃሴውን ሰምቼ መጥረጊያ ይዤ ወጣሁ፤ መድን እንደሌላት አውቃለሁ፣ ስለዚህ የምንጠብቀው መርማሪ አልነበረም። ሳንኳኳ በሩን ገርበብ አድርጋ ይዛው ብቅ አለች፤ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል።

«አይ፣ ቀላል ነው» አለችኝ ፈገግ ብላ። «እኛው እንጨርሰዋለን።»

እናቴና ጎረቤቶቿ ጉዳታቸውን የሸሸጉት ከከተማ ከመጣ እንግዳ ነበር። ሰላማዊት የሸሸገችው ከእኔ ነው። ውሃው ግን በእግሮቿ መካከል አልፎ፣ በሩን ተሻግሮ፣ የእኔን ጫማ እያራሰ ነበር።